ጋሽ ታደሰና ሁለቱ ሽናይደሮች

የጋሽ ታደሰ ገብሬን ማረፍ የሰማሁት ሥራ ላይ ነው። የጆሮ ማዳመጫዬን እንዳጠለቅሁ ሴት ልጃቸው ሳራ ከሳን ሆዜ ደወለችና “አባዬ እንደተኛ ቀረ” አለችኝ። በሌላው መስመር አንዲት አሮጊት “ቫኔ የት ደረሰ?” እያለች ትጠብቀኝ ነበር። “መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው” ብዬ አረጋጋኋትና ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ፣ ይቅር በሉኝና፣ ብቻዬን ሳቅሁ። ጋሽ ታደሰን አስቦ ሳይስቅ የሚቀር ሰው ካለ በደንብ አያውቃቸውም ነበር ማለት ነው።

የቀብራቸው ዕለት ኦክላንድ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን፣ ለቤተሰብ በተያዘው የፊት ወንበር ላይ፣ ሁለት በዕድሜ የገፉ ፈረንጆች ተቀምጠው አየሁ። አንዱ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ሌላው አጭርና ድቡልቡል ያለ ነው። ሰው የሚያስቀምጠው ወጣት ጎንበስ ብሎ ወንበሩ የሟች ቤተሰብ መሆኑን በትሕትና ነገራቸው። አጭሩ “እናውቃለን” አለውና አርፎ ተቀመጠ። ልጁ ግራ ገብቶት ወደ እኔ መጣ።

“እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ሙቭ አድርጋቸው ተብያለሁ።”

“ሽናይደሮቹ ናቸው፤ ተዋቸው” አልኩት።

ትንሽ አየኝና ሄደ። ጸሎቱ ሊጀመር ስለነበር ከዚህ በላይ ላስረዳው አልቻልኩም። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ጋሽ ታደሰ እኛ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ። መሥሪያ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አቅመ ደካሞችንና አረጋውያንን በቫን ከቤት ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ቤት የምታመላልስ፣ ኦክላንድ ውስጥ ያለች ትንሽ ድርጅት ናት። እኔ በዲቪ በመጣሁ በዓመቱ እዚያ ተቀጠርኩ፤ ሥራዬ ስልክ እየመለስኩ የትኛው ቫን ማንን እንደሚያነሳ መመደብ ነው። እሳቸው ያኔም ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጡ ነበር። “ጡረታ አይወጡም እንዴ?” ሲባሉ “ወጥቼ ማንን ላነጋግር?” ይላሉ።

አጠር ደንደን ያሉ፣ ሰደርያና ክራባት ሳያደርጉ መሪ የማይጨብጡ ሰው ነበሩ። ሌሎቹ ሾፌሮች በቲሸርት ናቸው። አንድ ቁም ነገር ሊናገሩ ሲሉ መነጽራቸውን ያወልቁና በክራባታቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ ክራባቱ ለዚያ ብቻ የተገዛ ነው የሚመስለው። መነጽሩ ተወልውሎ አፍንጫቸው ላይ እስኪመለስ ማንም አይናገርም። ሲመለስ “ነገሩ በንግግር ያልቃል” ይላሉ። ጎማ ሲተነፍስባቸውም ይህንኑ ነበር የሚሉት።

መሥሪያ ቤቱ “ሚስተር ገብሬ” ነው የሚላቸው። ይህ ሁልጊዜ ያስቃቸዋል። “አባቴ እንኳን አሜሪካን አዲስ አበባንም አላዩ፤ ስማቸው ግን ይኸው በየቀኑ ሃይዌይ ላይ ይወጣል” ይሉኝ ነበር። ሰውን በአባቱ ስም መጥራት ነውር ስለሚመስላቸው ተሳፋሪዎቹን ሁሉ በየራሳቸው ስም፣ ሚስተር ዋልተር፣ ሚስ ዶሮቲ እያሉ ነው የሚጠሩት። ስለ እነሱ በአማርኛ ሲያወሩም አንቱ እያሉ ነው። እኔ ፈረንጅን አንቱ ልበል ስል ምላሴ እምቢ ይለኛል፤ በዚህ ብዙ ጊዜ ተቆጥተውኛል።

ዋናው ሙያቸው ግን መንዳት አልነበረም፤ ማስታረቅ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ብላ መርጣቸዋለች፤ ባትመርጣቸውም አይተዉትም ነበር። ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፣ አከራይና ተከራይ ያስታርቃሉ፣ መዘምራንን ከኪቦርድ ተጫዋቹ ያስታርቃሉ። አንድ ጊዜ በመኪና ማቆሚያ ቦታ የተጣሉ ሁለት ሾፌሮችን፣ አንዱ ፊሊፒናዊ አንዱ ሜክሲኳዊ፣ ቫን ውስጥ አስገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ እንግሊዝኛው ሲያልቅባቸው በአማርኛ ቀጥለው አስታርቀዋቸዋል። ሁለት ሰው ተኳርፎ እያዩ ምሳ አይበላላቸውም። በሽታ ነበረባቸው ብል አይቀየሙኝም።

ዋልተር ሽናይደር ሰኞና ረቡዕ የምናነሳው ተሳፋሪ ነበር። ረጅሙ እሱ ነው። ሪችመንድ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ዕድሜውን በመካኒክነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ የሌለው ሰው ነው። ኦክላንድ ውስጥ በገዛ እጁ ባደሰው ቤት ብቻውን ይኖራል። ቃል ከአፉ የሚወጣው በግድ ነው። ሃሮልድ ሽናይደር ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ነበር የሚነሳው፤ አጭሩ። የታሪክ አስተማሪ ነበር፣ አጠገባችን ባለችው ከተማ፣ ኤመሪቪል፣ አፓርትመንት ውስጥ ይኖራል፣ ከተሳፈረ እስኪወርድ አፉ አይዘጋም። ሁለቱም የሚሄዱት አንድ ቦታ፣ አረጋውያን ምሳ በልተው ካርታ ሲጫወቱ የሚውሉበት ሲኒየር ሴንተር ነው። ቀናቸው ስለሚለያይ ግን ተገናኝተው አያውቁም።

እንግዲህ አንድ ሰሞን ዋልተር ቤቱ ውስጥ ወደቀ። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ግን ተነስቶ ስልኩ ጋ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ወለል ላይ ቆየ። የአረጋውያንን ኑሮ የምትከታተል ሶሻል ወርከር መጥታ በየቀኑ የሚያየው ሰው እንዳለ ጠየቀችው። የለም አለ። ሲቸግር የሚጠራ ዘመድስ? እሱም የለም። እንግዲያው ሰው ካላገኘህ ቤትህን ትተህ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም፣ መግባት ይኖርብሃል አለችው። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እውነቷን ነው። ይህን ሁሉ ዋልተር ራሱ ቫን ውስጥ ለጋሽ ታደሰ ነገራቸው። እነሱ ከተዋወቁ ጀምሮ ካወራው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር። “ከቤቴ የምወጣው ሬሳዬ ሲወጣ ነው” አለ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ታደሰ ቢሮዬ ገቡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ሲወለውሉ ከወትሮው ቆዩ።

“ማህሌት፣ አንድ ጉድ ልንገርሽ። ሚስተር ዋልተር ወንድም አላቸው።”

“እንዴ፣ ማን?”

“ሚስተር ሃሮልድ ናቸዋ። የእኚህም አባት ሽናይደር፣ የእኚያም አባት ሽናይደር። ወንድማቸው ነርሲንግ ሆም ሊጣሉ፣ እሳቸው እዚህ አፍንጫችን ሥር ኤመሪቪል ቁጭ ብለዋል።”

“ጋሽ፣ የፈረንጅ ሁለተኛ ስም እኮ የአባት አይደለም፤ ላስት ኔም ነው። ከቅድመ አያት የሚወርድ ነው።”

“አውቃለሁ፣ እዚህ አገር ስንት ዓመቴ ነው? ታዲያ ከአንድ ቅድመ አያት ከወረዱ ዘመድ አይደሉም ልትዪኝ ነው?”

“ላይሆኑ ይችላሉ።”

“አፍንጫቸውን አይተሽዋል?”

አይቼዋለሁ። እውነት ለመናገር የሁለቱም አፍንጫ ትልቅ ነው።

“ደግሞ ቀኑን ተመልከቺ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “አንዱ ሰኞና ረቡዕ፣ አንዱ ማክሰኞና ሐሙስ። ለምን ይመስልሻል? እንዳይገናኙ ቀን ተከፋፍለው ነው።”

“ጋሽ፣ ስኬጁሉን ያወጣሁት እኮ እኔ ነኝ።”

“እነሱ ጠይቀውሽ ነዋ።”

ጠይቀውኝ ነበር እንዴ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ከጋሽ ታደሰ ጋር የተከራከረ ሁሉ መጨረሻው ይኸው ነው፤ ራሱን ይጠራጠራል።

ረቡዕ ዕለት ዋልተርን ሲወስዱት በመስታወት እያዩ “ሚስተር ዋልተር፣ ወንድም አለዎት?” ብለው ጠየቁት። ዋልተር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና እስኪወርድ ድረስ ትንፍሽ አላለም። ልክ እንዳወረዱት ደወሉልኝ።

“ነገሩ ከባድ ነው” አሉኝ። “ስማቸውን መስማት አልፈለጉም። በይ አንድ ነገር ሄልፕ ታደርጊኛለሽ።”

ሽምግልና ወግ አለው። ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም፤ ነገሩንም በመንገድ ላይ አይዘረግፈውም። ጋሽ ታደሰ ከቤተ ክርስቲያን ጋሽ ኃይሉን፣ በጨዋነታቸውና በጠባያቸው ድርቅና የታወቁትን፣ እንዲሁም ሌላ አንድ ሽማግሌ ጨመሩ። ለሁለቱ ሽናይደሮች ግን “ቅዳሜ ምሳ ልጋብዝዎ” ብቻ ነው ያሏቸው። ሃሮልድ ሳይጨርሱለት እሺ አለ። ዋልተር እምቢ አለ፣ ደግሞ እምቢ አለ፤ በመጨረሻ “ለእኔ ሲሉ” ቢሉት እሺ አለ። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። በሽምግልና መካከል ሴት፣ ያውም ወጣት፣ መቀመጧ ለጋሽ ኃይሉ አልተዋጠላቸውም፤ ግን የሦስቱም ሽማግሌዎች እንግሊዝኛ ተደምሮ የዕርቅ ንግግር አይወጣውም ነበርና ዋጡት።

ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካለው የአበሻ ምግብ ቤት በጓሮ በኩል ያለውን ክፍል ያዝን። ሽማግሌዎቹ ሙሉ ጥቁር ልብስ ለብሰው በአንድ ወገን ተደረደሩ። ሁለቱን ፈረንጆች ፊት ለፊት አስቀመጥናቸው። ስማቸውን አላስተዋወቅናቸውም፤ ወንድማማችን ማን ያስተዋውቃል? ሃሮልድ ሦስቱን ሽማግሌዎች ከላይ እስከ ታች አይቶ “ሃይማኖቴን ልታስለውጡኝ ከሆነ መጀመሪያ እንብላ” አለ። በላን። ዋልተር ክትፎውን ሳይናገር ጨረሰው። እጅ ታጠብን፣ ጋሽ ኃይሉ ጸለዩ፣ ጋሽ ታደሰ ተነሱ፣ መነጽሩ ተወለወለ።

“ሚስተር ዋልተር፣ ሚስተር ሃሮልድ” አሉ። “ማን በደለ፣ ማን ተበደለ ልንል አልመጣንም። እሱን እግዚአብሔር ያውቃል። እናንተ ግን የአንድ አባት ልጆች ናችሁ። አባታችሁ ሚስተር ሽናይደር እንዲህ ተኳርፋችሁ ቢያዩ ያዝናሉ። ዛሬ ሳትታረቁ ከዚህ አንነሳም።”

እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ሁለቱ ፈረንጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተያዩ።

“አንተ ሽናይደር ነህ?” አለ ሃሮልድ።

“ነኝ።”

“እኔም እኮ ሽናይደር ነኝ።”

ዋልተር ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። “ዝምድና የለንም” አለ፣ አጭርና ግልጽ አድርጎ።

ሃሮልድ በሳቅ ፈነዳ። ሆዱ ተንቀጠቀጠ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ውሃ ሰጠነው፣ ውሃውን እያየ እንደገና ሳቀ። ጋሽ ታደሰ እንደቆሙ ቀሩ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ከዚያ ሃሮልድ እንባውን ጠራረገና አስተማሪነቱ መጣበት። በድሮ ዘመን፣ አለ፣ ጀርመን አገር ሰው የሚጠራው በአንድ ስም ብቻ ነበር። መንደሩ እየሰፋ ሲሄድ ሃንስ የሚባል በዛ። የትኛው ሃንስ ነው? ወፍጮ ያለው ሃንስ፣ ዳቦ ጋጋሪው ሃንስ፣ ልብስ ሰፊው ሃንስ እየተባለ ይለይ ጀመር። ባለ ወፍጮው ሙለር፣ ጋጋሪው ቤከር፣ ጨርቅ ቆርጦ የሚሰፋው ሽናይደር ተባለ። ስሙ ለልጅ፣ ከልጅም ለልጅ ልጅ አለፈ፤ የልጅ ልጁ መርፌ ነክቶ ባያውቅም ሽናይደር ሆኖ ቀረ።

“ልብስ የማይለብስ መንደር ደግሞ የለም” አለ ሃሮልድ። “ስለዚህ በየመንደሩ ልብስ ሰፊ አለ፤ እያንዳንዱ ልብስ ሰፊ የራሱን ሽናይደሮች ወለደ። አይተዋወቁም፣ አይዛመዱም። እዚያ አገር ዛሬም በብዛት ከሚገኙት ስሞች ከፊተኞቹ አንዱ ነው። እዚህ አሜሪካ ከመጡት አንዳንዶቹ ስናይደር እያሉ ጻፉት፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ተርጉመውት ቴይለር ሆኑ። እኔ ራሴ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሽናይደሮች አስተምሬያለሁ፤ አንዳቸው ለሌላቸው ባዳ፣ ሁለቱም ለእኔ ባዳ።”

ጋሽ ታደሰ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ማፈራቸውን እጠብቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ነገሩ ጥሟቸዋል።

“ታዲያ እርስዎ መስፋት ይችላሉ?” አሉት።

“ቁልፌን እንኳ የምትተክልልኝ ሚስቴ ነበረች።”

“እኔ ብረት እንጂ ጨርቅ አላውቅም” አለ ዋልተር ሳይጠየቅ።

ጋሽ ኃይሉ በአማርኛ “በእጅ ሙያ መጠራት? እኛ አገር ቢሆን ስድብ ነው” አሉ። ሃሮልድ ምን አሉ ብሎ ያዘኝ። ነገርኩት። ለምን ስድብ ይሆናል ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄውን ለሽማግሌዎቹ ተረጎምኩላቸው።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። አልወለወሉትም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

“የእናቴ አባት ቀጥቃጭ ነበሩ” አሉ። “ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሠሩ ነበር። አገሩ ሁሉ በእሳቸው ማረሻ ያርሳል፤ ቤታቸው ገብቶ ግን አይበላም። እናቴ ለሰው እንዳትናገር ብላኝ ይኸው ዛሬ ገና መናገሬ ነው።”

ጋሽ ኃይሉ አቀረቀሩ። ከስድቡ ይልቅ ስንት ዓመት አብረው ሲጸልዩ ይህን አለማወቃቸው የከበዳቸው መሰለኝ። እጃቸውን ሰደው የጋሽ ታደሰን ክንድ ያዙ። ለሃሮልድ ስተረጉምለት ከወንበሩ ተነሳና ለጋሽ ታደሰ እጁን ዘረጋላቸው።

“ቀጥቃጭን የእኛ አገር ሰው ሽሚት ይለዋል። በብዛት እኛን ሽናይደሮችን የሚበልጥ ስም ነው። እንኳን ደህና መጡ፣ ሚስተር ሽሚት።”

ጋሽ ታደሰ ያን ዕለት የሳቁት ሳቅ እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ሃሮልድ በሌላ ስም ጠርቷቸው አያውቅም። እሳቸውም የአያታቸውን ሙያ ሳይነግሩት ያለፉት ሰው የለም፤ ነዳጅ ለሚቀዳላቸው ልጅ ሳይቀር ነግረዋል።

ጋሽ ኃይሉ ኮታቸውን መቆለፍ ጀመሩ። “በሉ እንግዲህ፣ ዘመድ ካልሆኑ፣ ካልተጣሉ፣ እኛም እንሂድ።”

“የት ነው የምንሄደው?” አሉ ጋሽ ታደሰ። “ሽማግሌ ከተቀመጠ በኋላ ሳያስታርቅ ይነሳል?”

“ምኑን ነው የምናስታርቀው? አልተጣሉም እኮ።”

“ባይጣሉም ይታረቁ።”

ይህን ስተረጉም ሃሮልድ ሊስቅ አፉን ከፈተና ዋልተርን አይቶ ዘጋው። ዋልተር ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እጆቹን ያይ ነበር።

“ወንድም ነበረኝ” አለ። “ዩጂን ይባላል። በአባታችን ጀልባ ተጣላን። የሚያጣላ ጀልባ አልነበረም። ነገ እደውላለሁ እያልኩ፣ እሱም እንደዚያው ሲል ኖሮ ይሆናል፣ ሞተ።” ሽማግሌዎቹን በየተራ አያቸው፤ ጥቁር ልብሳቸውን፣ ክራባታቸውን። “እንዲህ ለብሶ መጥቶ ቁጭ በሉ ያለን ሰው አልነበረም።”

መተርጎም አቃተኝ። ጋሽ ታደሰ ግን ገብቷቸዋል። ተነስተው ጠረጴዛውን ዞሩና ሁለቱንም በክንዳቸው ይዘው አቆሟቸው።

“ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ” አሉ።

“ለምኑ?” አለ ሃሮልድ።

“ለማንኛውም።”

ተቃቀፉ። ረጅሙ አጎንብሶ፣ አጭሩ ተንጠራርቶ። ዋልተር ቶሎ አልለቀቀም። ጋሽ ኃይሉ እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቁ፤ ልጅ ውለዱም ብለዋል፣ ከልማድ። እሱን አልተረጎምኩትም።

ሁሉም ሲቀመጥ ጋሽ ታደሰ የመጡበትን አልረሱም። የነርሲንግ ሆሙን ነገር አነሱ። ሃሮልድ ጨርሶ ካዳመጠ በኋላ ወደ ዋልተር ዞረ።

“እኔ በየጠዋቱ እደውልልሃለሁ። ሴትየዋ ስም ስትጠይቅህ የእኔን ስጣት።”

“ዝምድና የለንም” አለ ዋልተር።

“ስልክ ለመደወል ዝምድና አያስፈልግም።”

በየጠዋቱም መደወል ጀመረ። ዋልተር ስልኩን ያነሳና “አልሞትኩም” ብሎ ይዘጋዋል። በቃ፣ ንግግራቸው ይኸው ነበር። እያደረ ግን “አልሞትኩም፤ አንተስ?” ማለት ጀመረ። ይህን የነገረኝ ሃሮልድ ነው፤ ፍቅረኛው አበባ የላከችለት ልጅ እንኳ እንደዚያ ሲያወራ አላየሁም። እኔም ስኬጁላቸውን ቼንጅ አድርጌ አንድ ቫን ላይ፣ ሰኞና ረቡዕ፣ አደረግኋቸው። ሃሮልድ ሲያወራ ዋልተር ሲሰማ ይሄዳሉ። ሰው “ወንድማማች ናችሁ?” ሲላቸው ግን ዋልተር አሁንም “ዝምድና የለንም” ይላል።

ጋሽ ታደሰ በበኩላቸው አዲስ ሱስ ያዛቸው። ቫኑ ላይ የሚወጣውን ሁሉ በስሙ ይመረምሩታል። ሚስተር ዚመርማንን “አናጢው”፣ ሚስ ፊሸርን “አሣ አጥማጇ” ማለት ጀመሩ። ወንበሬ አጠገብ ቆመው ኮምፒውተሬን አፍጥጠው ያያሉ።

“እስቲ ሽናይደር ብለሽ ሰርች አድርጊልኝ።”

አደረግሁ። ካምቤል ከተማ የሚኖር ሌላ ሽናይደር መጣ፣ ከስናይደሮችና ከቴይለሮች ጋር ተደርድሮ።

“ጋሽ፣ እነዚህንም ልናስታርቅ ነው?”

መነጽራቸውን ወለወሉ። “ቀስ እንበል” አሉ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሃሮልድ ቢሮ ደወለ። ድምፁን አላወቅሁትም ነበር። “አላነሳም” አለኝ፣ “ደጋግሜ ደወልኩ፣ አላነሳም።” ለድንገተኛ አደጋ ደወልንና ጋሽ ታደሰንም ጠራሁ፤ ቅርብ ነበሩ፣ አምቡላንሱን ቀድመው ደረሱ። ዋልተር ወጥ ቤቱ ውስጥ ወድቆ አገኙት፤ ዳሌው ተሰብሯል፣ ነፍሱ ግን አለች። ከወደቀ ብዙ አልቆየም ነበር። ጋሽ ታደሰ ሰደርያቸውን አውልቀው ከራሱ ሥር አደረጉለት፣ እጁን ይዘው ወለሉ ላይ አብረውት ተቀመጡ። ዋልተር ያለው አንድ ነገር ነው፤ “ሃሮልድ ደወለ?”

ሆስፒታል ሃሮልድ ሲደርስ እንግዳ ተቀባይዋ ስሙን ጠየቀችው። ሽናይደር ሲላት ቀና ብላ ሳታየው “ወንድምህ በዚህ በኩል ነው” ብላ አስገባችው። ጋሽ ታደሰ ይህን በዓይናቸው አይተው፣ ከአዳራሹ ሳይወጡ ደወሉልኝ።

“ሰማሽ?” አሉኝ። “አሜሪካዊቷም እንደ እኔ ነው ያሰበችው።”

ዋልተር ተኝቶ ሳለ ሶሻል ወርከሯ እንደገና መጣች። አሁን ያለ ሰው ወደ ቤት መመለስ ጨርሶ የሚታሰብ አልነበረም፤ እሱም ያውቀዋል፣ ግድግዳውን እያየ ነው ያዳመጣት። ሃሮልድ ግን ወንበሩን ሳብ አድርጎ መሀላቸው ገባ። ዋልተር ቤት ሁለተኛ መኝታ ክፍል አለ፣ አላት፤ እስኪድን ድረስ እኔ እገባለሁ። ዋልተር ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። “ብዙ ያወራል” አላት። ሌላ ተቃውሞ አላቀረበም።

ዳነ፤ ሃሮልድ ግን አልወጣም። ጋሽ ታደሰ “ሁለት ልብስ ሰፊ በአንድ ቤት፣ አንድም መርፌ የለም” እያሉ በየሳምንቱ ሊያዩአቸው ይሄዱ ነበር። ጡረታ ወጥተው ሳን ሆዜ ሳራ ቤት ሲገቡ ደግሞ ተራው የእነሱ ሆነ። ሁለቱ በባቡር ይሄዳሉ፣ ሃሮልድ መንገድ ሙሉ እያወራ። አማርኛ የምትሰማው ግን የማትናገረው የልጅ ልጃቸው በሩን ትከፍትና “ግራንድፓ፣ ሽናይደሮችህ መጥተዋል” ብላ በእንግሊዝኛ ትጣራለች። ከዚያ ጋሽ ታደሰ ክራባታቸውን እያሰሩ ይወጣሉ። ቤት ውስጥ ክራባት ምን ያደርጋል ስትላቸው ሳራ፣ መነጽሬን በምን ልወልውል ይሏታል።

እንግዲህ ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡት እነዚህ ናቸው። የስንብቱ ተራ ሲደርስ ሃሮልድ ሳጥኑ አጠገብ ቆመና እጁን አሳረፈበት። “ደህና ሁን፣ ሽሚት” ብቻ አለ። ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ።

ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እዝን ተበላ። ከሳን ሆዜ የመጡ አንዲት እናት፣ እትዬ ብርቄ የሚባሉ፣ ሁለቱን ሲያዩ ቆይተው ጠጋ አሉና እጄን ያዙ። “ልጄ፣ እስቲ ጠይቂልኝ፤ እነዚህ ወንድማማቾች ናቸው?” አሉኝ።

ጠየቅሁት፣ ዋልተርን። መልሱን አውቀዋለሁ ብዬ በአማርኛ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ዋልተር ሹካውን አስቀመጠ። አጠገቡ ሃሮልድ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ዋልተር ረጅም እጁን ትከሻው ላይ ጣለበት።

“አዎ” አላቸው። “ብዙ ዘመን ተኳርፈን ነበር። እሳቸው ናቸው ያስታረቁን።”

ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩላቸው።